ከጁስ ቤት እስከ ትምህርት ቤት ጓሮ፦ የአራት ኪሎ ኮምፖስት የስራ ማስታወሻ

ጥቅምት 5

ክረምቱ ወጣ፣ መሬቱም ጠፈፍ አለ፣ ስለዚ ዛሬ የኮምፖስቱ ስራ፣ ማለትም ልጣጭና ቅጠል አበስብሶ ለተክል የሚሆን አፈር ማድረግ፣ ተጀመረ ብዬ መፃፍ እችላለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አራት ኪሎ እኛ ሰፈር አንድ ጁስ ቤት አለ፣ ከጎኑ ካፌ፣ በውስጥ መንገዱ ገባ ሲባል የእንጨት ስራ ቤት፣ ከሱ አጥር ወዲያ ደሞ ትምህርት ቤት። አራቱም ቆሻሻ ያወጣሉ፣ የአራቱም ተቀላቅሎ አንድ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ ገንዳው ሲሞላ መኪና ያነሳውና ከተማውን አቋርጦ ረጲ፣ ቆሼ የሚባለው የቆሻሻ መጣያ ይወስደዋል። ትምህርት ቤቱ ግን ለጓሮ አትክልቱ ፍግና ጥቁር አፈር በማዳበሪያ ከረጢት እየገዛ ያስገባል። ብር ተከፍሎበት ከሩቅ ከሚመጣው ነገር ግማሹ እዚሁ አጥሩ ስር ሊሰራ ይችላል፣ እኛ ደሞ ሌላ ብር ከፍለን ወደ ሩቅ እንጭነዋለን። እኔ እዛው ህንፃ ላይ ሂሳብ ነው የምሰራው፣ ይሄን በየቀኑ በመስኮት እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከትምህርት ቤቱ የኬሚስትሪ ቲቸር ጋር ተነጋገርን፣ ከግቢው ጀርባ ቦታ ሊያስፈቅድልን ነው። የወረዳው የከተማ ግብርና ባለሙያም መጥታ አየችው፣ ፀሀይም ጥላም አለው፣ የውሃ ቧንቧም ቅርብ ነው ብላ ወዳዋለች።

ለምን ይሄን ያህል እንደምጨነቅ ለሚጠይቁኝ አንዴ ልፃፈውና ልለፍ። ቆሼን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለብን፣ ከስሩና ከዳሩ ቤት ሰርተው የሚኖሩ ሰዎች፣ ህፃናት ጭምር። በ2010 ዓ.ም. እዛው ረጲ ቆሻሻ እያቃጠለ መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ፣ በቀን 1,400 ቶን እንዲያስተናግድ ተደርጎ የተሰራ። ግን ከከተማችን ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነገር ነው፣ የሚበሰብሰው ደሞ አብዛኛው ውሃ ነው፤ የፓፓያ ልጣጭ እንዲነድ መጀመሪያ ውሃው መትነን አለበት፣ እሱ ራሱ ሙቀት ይበላል። ሳይቃጠል ሜዳ ላይ ቢከመር ደሞ አየር አጥቶ እየበሰበሰ ሚቴን ያወጣል። ሁለቱም ቦታ ላይ ልጣጩ ባይደርስ ይሻላል፣ እዚሁ ሰፈር ነው መቅረት ያለበት።

ጥቅምት 9

ዛሬ ቤት ለቤት ዞርን። ሁሉም ጋ የተጠየቅነው አንድ ጥያቄ ነው፣ "ማነው የሚያነሳልኝ?" ስለ አካባቢ ጥበቃ ማንም አልተከራከረንም፣ ሀሳቡን ሁሉም ወዶታል፣ ግን ሰው ስራ ላይ ነው ያለው።

ካፌው ቀላል ሆነ። ባሬስታው የማሽኑን እጀታ እየመታ አተላውን የሚያራግፍባት መሳቢያ አለችው፣ ቡናው እዛ ውስጥ ብቻውን ነው ያለው፣ ማታ ሲዘጉ ነው ከሌላው ጋር የሚቀላቀለው። ስለዚ መለየት የሚባል ስራ የለም፣ አለመቀላቀል ብቻ ነው።

ጁስ ቤቱ ግን ይከብዳል። ልጆቹ አቮካዶ ሲልጡ፣ ማንጎ ሲቆርጡ፣ አናናስ ሲከትፉ እጃቸው አያርፍም፣ ልጣጩ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ይጠራቀምና በአንድ ጠረጋ በርሜሉ ውስጥ ይገባል፣ በርሜሉ ውስጥ ደሞ ሶፍት አለ፣ ስትሮ አለ፣ የፕላስቲክ ኩባያ አለ፣ ፌስታል አለ። "ለዩ" ብሎ ማስታወቂያ መለጠፍ ዋጋ የለውም፣ ሰልፍ ላይ ሰው እየጠበቀው ቢላ የያዘ ልጅ ማስታወቂያ አያነብም። ቆመን አይተን የደረስንበት ይሄ ነው፦ ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ የዘይት ጄሪካን አናቱን ቆርጠን ልክ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ስር፣ ልጣጩ በሚወድቅበት በኩል አስቀመጥነው። በርሜሉን ደሞ ወደ ደንበኛው በኩል ገፋነው። ልጁ አንድ እርምጃ አልጨመረበትም፣ ልጣጩ በራሱ ጊዜ ብቻውን ሆነ። ጄሪካኑን ያገኘነው ከካፌው ኪችን ነው።

ፌስታል ላይ አንዱ ልጅ "ጄሪካኑ ውስጥ ፌስታል ላልብስ፣ እንዳይጨማለቅ" አለኝ። በፍፁም። ተቀዶ እዛ ውስጥ ከቀረ ከኮምፖስቱ ለይቶ ማውጣት አይቻልም፣ ለዛውም ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ፀድቋል። ጄሪካን ይታጠባል፣ አለቀ።

ጥቅምት 14

ይሄ ቀን በደንብ መፃፍ አለበት።

የሰፈሩን ቆሻሻ ቤት ለቤት እየዞረ የሚሰበስበው ማህበር አለ፣ በጋሪ እየገፉ ገንዳው ጋ የሚያደርሱት። እነሱን ሳናናግር ምንም አንጀምርም ብለን ስለነበር ጠዋት ስራ ሳይጨርሱ ሄድን። ሰብሳቢዋ በእድሜ ከፍ ያሉ ሴትዮ ናቸው፣ እስክንጨርስ አዳመጡን፣ ከዛ እንዲህ አሉ፦ "ልጄ ሀሳባችሁ ጥሩ ነው። ግን እኛ የሚከፈለን ባስረከብነው ልክ ነው። ልጣጩ ነው ክብደቱ። እሱን ስትወስዱት ጋሪያችን ቀለለ ማለት ነው፣ ጋሪው ሲቀል ደሞ የልጆቻችን ጉርስ ነው የሚቀለው።"

ምን ትመልሳለህ? እውነታቸውን ነው። ቆሻሻ እንቀንስ ብለን ስንነሳ ቆሻሻው የሰው ገቢ እንደሆነ ረስተን ነው አብዛኛው ፕሮጀክት መንገድ ላይ የሚቀረው። ስንት ቦታ "ባለድርሻ አካላት" ተብሎ ስብሰባ ሲጠራ ጋሪ የሚገፋው ሰው ወንበር የለውም። እኔ በበኩሌ የዚህ ስራ ዋናው ጉዳይ ኮምፖስቱ ሳይሆን ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ካንዱ ኪስ ወስደን ለሌላው አረንጓዴ ስራ ሰራን ማለት አይቻልም።

መፍትሄውን ግን ራሳቸው ናቸው ያመጡት። ተነሱና እቃ የሚለዩበት ቦታ ወሰዱን። የካርቶን ክምር አለ፣ ግማሹ ረጥቦ ዝሏል፣ የማንጎ ጭማቂ ጠጥቶ ዝንብ ወሮታል። "ይሄ ደረቅ ቢሆን በኪሎ ይሸጥ ነበር፣ ቆራሌውም ይወስደዋል፣ ምናለሽ ተራም ይሄዳል፣ አሁን ግን እጣው ገንዳ ነው" አሉ። ማለትም ልጣጩ ከወጣ ካርቶኑ ይደርቃል፣ ካርቶኑ ከደረቀ ዋጋ ያወጣል፣ ፕላስቲኩም ሳይጨማለቅ ይመጣል። እኛ ልጣጩን ብቻ ነበር የምናየው፣ እሳቸው ከልጣጩ ጋር አብሮ የሚበላሸውን አሳዩን።

ከዛ ቁጭ ብለን ተደራደርን። ጄሪካኖቹን የሚያነሳው ማህበሩ ይሆናል፣ ለዛም ጁስ ቤቱና ካፌው በወር ይከፍላሉ፤ ደረቁን ካርቶንና ሃይላንዱን ሁለቱም ቤቶች ለማህበሩ ብቻ ይሰጣሉ፣ ለሌላ አይሸጡም፤ ከሚወጣው ኮምፖስት ሲሶው የማህበሩ ነው፣ ይሽጡት ይዝሩበት የራሳቸው ጉዳይ። እኔ ክፍያው በምልልስ ሳይሆን በወር ይሁን ብዬ ሙጭጭ አልኩ፣ ምክንያቱም ልጣጩ አንዳንድ ጊዜ ይበዛል አንዳንድ ጊዜ ያንሳል፣ ጋሪ የምትገፋዋ ልጅ ግን ቤት ኪራይዋ አይጨምርም አይቀንስም። ጁስ ቤቱ ትንሽ ተንገራገረና ተስማማ። በእጅ ተፅፎ ተፈረመ፣ ኮፒው ወረዳም ገባ።

ጥቅምት 21

የእንጨት ቤቱ ጉዳይ። ልጣጭና ቡና ብቻውን ቢከመር ይጨማለቅና ይሸታል፣ ናይትሮጅንና ውሃ ይበዛበታል፣ ስለዚ ካርቦን ያለው ደረቅ ነገር ያስፈልጋል፣ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ነው የሚባለው። ሰጋቱራ ካርቦኑ ከሁሉ የበዛ ነው፣ እነሱ ጋ ደሞ በማዳበሪያ ተሞልቶ ግድግዳ ተደግፏል።

ግን ሰጋቱራው ውስጥ እጄን ሳስገባ ልስልስ ያለ እንደ ዱቄት የሚበን ነገር አለው። ዋና አናፂውን "ጋሼ ይሄ ከምኑ ነው?" አልኳቸው። "ከሁሉም ነው፣ ባህር ዛፉንም ቺፑዱንም ኤምዲኤፉንም እዚሁ መጋዝ ላይ ነው የምንሰነጥቀው" አሉኝ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ቺፑድና ኤምዲኤፍ ማለት የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተጨምቆ ነው፣ ሙጫው ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ፎርማልዲሃይድ ያለበት ነው። ህፃናት የሚበሉት ቆስጣ ላይ እሱን አልበትንም። ቲቸሩም አይሆንም አለ፣ አንገታችንን ደፍተን ልንወጣ ስንል ጋሼ ጠሩን። "ፒያላው ጋ ኑ እስቲ።"

ፒያላ ማለት ጣውላ የሚልገው ማሽን ነው። ከስሩ የሚወድቀው ዱቄት ሳይሆን ፍቅፋቂ ነው፣ ቀጫጭን፣ ጥቅልል ጥቅልል ያለ፣ ሲጨብጡት ተመልሶ የሚነሳ። "እዚህ ላይ ቺፑድ አይገባም፣ ሙጫው ምላጩን ይጨርስብናል" አሉ። በቃ። ከመጋዝ ስር ያለውን ትተን ከፒያላ ስር ያለውን መውሰድ ብቻ ነው፣ ንፁህ ጣውላ ነው። ደሞ ጥቅልል ስለሆነ ክምሩ ውስጥ አየር ይይዛል፣ ዱቄቱ ቢሆን ተጣብቆ ያፍነው ነበር። ጋሼ የፅድ ሲልጉ ለብቻው እንደሚያደርጉልን ነገሩኝ፣ ፅድ ቶሎ አይበሰብስምና። ይሄን እውቀት ከየትኛውም ማንዋል አላገኘውም ነበር።

የጠየቁት ነገር ቢኖር ማዳበሪያው ባዶውን እንዲመለስላቸው ነው።

ጥቅምት 28

የመጀመሪያው ክምር ተሰራ። ሴራሚክ የሚሸጥ ሱቅ የጣለውን ፓሌት አራቱን አቁመን በሽቦ አሰርነው፣ በየጎኑ አንድ ሜትር ገደማ። ከዛ ካነሰ ሙቀቱን መያዝ ያቅተዋል፣ በተለይ በዚህ ብርድ። ስሩ ላይ የባህር ዛፍ ጭራሮ ለአየር፣ ከዛ በላይ ሌላው በየተራ ተደረደረ።

ልኬቱ በባልዲ፦ ልጣጭ ሁለት፣ የቡና አተላ አንድ፣ የፒያላ ፍቅፋቂ አንድ፣ ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀዳደደ ካርቶን ሁለት። የግብርና ባለሙያዋ ከላም አርቢዎች ያመጣችው እበት በየመሀሉ በውሃ ተበጥብጦ ተረጨ፣ ለማስጀመሪያ። አናቱን ሁልጊዜ በፍቅፋቂ መሸፈን ግዴታ ነው፣ ልጣጭ ከላይ ከታየ በነጋታው ዝንብ ነው። የትምህርት ቤቱ ክበብ ተማሪዎች ሲሰሩ ውለው ልብሳቸው አናናስ አናናስ እየሸተተ ወደ ቤት ሄዱ።

ህዳር 2

ሞቀ! ቲቸሩ ከላብ ያመጣው የመስታወት ቴርሞሜትር አጭር ስለሆነ መሀሉ ጋ አይደርስም፣ ስለዚ ረጅም ፌሮ ወግተን ትንሽ ቆይተን እንመዘዋለን፣ በእጅ መያዝ ካቃተ ጥሩ ነው ማለት ነው። ከዛ በፌሮው ቀዳዳ ቴርሞሜትሩን በክር አስረን አወረድነው፣ 62 ዲግሪ። ከ55 በላይ ሆኖ ለቀናት ከቆየ በሽታ አምጪውም የአረም ዘሩም አብዛኛው ይሞታል፣ 70 ካለፈ ደሞ የሚሰሩት ባክቴሪያዎች ራሳቸው ማለቅ ስለሚጀምሩ መገልበጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ክምሩ ይጨሳል፣ ዘበኛው አባባ እሳት የተነሳ መስሏቸው በባልዲ ውሃ ይዘው መጡ። አስረዳናቸው፣ አሁን ፌሮውን የሚመዙት እሳቸው ናቸው፣ ከኛ ይልቅ በትክክል ሰአቱን ይጠብቃሉ።

ህዳር 11

ነገ ህዳር 12 ነው፣ ህዳር ሲታጠን። ሰፈሩ በሙሉ ግቢውን ጠርጎ በር ላይ ክምር እየሰራ ነው። በ1911 ዓ.ም. ህዳር ላይ የገባው ወረርሽኝ አዲስ አበባን ከጎዳ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው፣ ከመቶ አመት በላይ ሆኖታል፣ ያኔ ሰው ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጠለው ሞት ለማስቆም ነው። እኔ ይሄን ልማድ አከብረዋለሁ፣ ሰፈር በሙሉ በአንድ ቀን የሚያፀዳበት ሌላ ቀን የለንም እኮ። ግን የዛሬው ክምር የያኔው አይደለም። ያኔ ቅጠልና ጭራሮ ነበር፣ ዛሬ ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የጫማ ሶል፣ የዳይፐር ካርቶን አለበት፣ የሱ ጭስ መርዝ ነው፣ ህፃን ያለበት ቤት በሩን ዘግቶ ነው የሚያድረው።

ባዶ ማዳበሪያ ይዘን ዞርን። የምንለው አንድ ነገር ነው፣ "ቅጠሉን ለኛ፣ ፕላስቲኩን ለማህበሩ፣ ማጠኑ የናንተ"። አንድ ሽማግሌ አባት ደጃቸው ላይ ቆመው "ጭሱ ነው እኮ በሽታውን ያስወጣው፣ እንዴት አይታጠን?" አሉን። ይታጠን አባባ፣ በወይራ ይታጠን አልናቸው። ትንሽ አሰቡና ገብተው የወይራ ፍልጥ ይዘው መጡ፣ የቀረውን ክምር "ውሰዱት፣ እኔም ጭሱ ያስለኛል" አሉ።

ህዳር 13

የተሰበሰበው ቅጠል የትምህርት ቤቱን የብስክሌት መጠለያ ሞልቶታል። በሁሉም በር አልተሳካልንም፣ ከታች በኩል ያሉት መንደሮች እንደ ድሮው አቃጥለዋል፣ ማታውን የፕላስቲክ ሽታ እኛም ቤት ገብቷል። ግን በኛ መንገድ ያሉት አብዛኞቹ ሰጥተውናል። ማህበሩም አንድ ጋሪ ሙሉ ሃይላንድ አግኝቷል።

ህዳር 23

ፆመ ነቢያት ከገባ ወዲህ ሂሳባችን በሙሉ ተቀየረ። እኔ ካፌው ይቀዘቅዛል፣ አተላው ይቀንሳል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፣ ባሬስታው ግን ማኪያቶ የተወው ሰው ጥቁር ቡና ነው የሚያዘው አለኝ፣ ቡናው ያው ነው፣ የቀነሰው ወተቱ ነው። ጁስ ቤቱ ግን ፈነዳ። ስፕሪስ፣ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ከስራ የሚወጣው ሁሉ ለእራት ጁስ ነው። ጄሪካኖቹ አይበቁም፣ የአቮካዶ ፍሬው ደሞ ለብቻው አንድ ጄሪካን ይሞላል፣ እሱ ሙሉውን ከገባ አይበሰብስም፣ ልጆቹ በመዶሻ እየፈለጡ ነው የሚጨምሩት።

ልጣጩ ሲበዛ ደረቁም መብዛት አለበት፣ እንጨት ቤቱ ደሞ ለኛ ብሎ ብዙ ጣውላ አይልግም። የህዳር ቅጠል ያን ጊዜ ባይሰበሰብ ዛሬ ስራው ቆሞ ነበር። ካፌውም የእንቁላል ትሪዎቹን መስጠት ጀምሯል፣ የወረቀት ስለሆነ ይበሰብሳል፣ ሲቀደድ ደሞ አየር ይይዛል። በነገራችን ላይ ይሄን ያሰበችው የካፌው ሼፍ ናት፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ታህሳስ 10

ክምሩን ገለበጥነው። ውጪው ወደ ውስጥ፣ ውስጡ ወደ ውጪ። እርጥበቱን የምናየው በእጅ ነው፣ አንድ ጭብጥ አንስቶ አጥብቆ መጭመቅ፣ ውሃ ጠብ ጠብ ካለ በዝቷል፣ ተበትኖ ከቀረ ደርቋል፣ ሳያንጠባጥብ ቅርፁን ከያዘ ልክ ነው። መሀሉ ልክ ነበር፣ ዳር ዳሩ ደርቋል፣ ውሃ አጠጣነው። የማንጎ ፍሬው ብቻ ነው እንዳለ የወጣው፣ ፓፓያው የት እንደገባ አይታወቅም።

ጥር 2

ገና አልፎ ተመለስን። በበአሉ ሰሞን ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ እንጨት ቤቱ ተዘጋ፣ ጁስ ቤቱ ግን አልተዘጋም። ጄሪካኖቹ በር ላይ ደርሰው የሚያስገባ ጠፋ፣ ፀሀይ ላይ ዋሉ፣ ጎረቤት "ሸተተን" ብሎ ትምህርት ቤቱ ጋ አቤት አለ። እውነት አለው። የአራት ድርጅት ስራ ሲያያዝ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ላይ ይከመራል፣ ስለዚ መጠባበቂያ ያስፈልጋል። አሁን የተስማማነው፦ የፒያላ ፍቅፋቂ ሁልጊዜ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ቆርቆሮው ስር ይቀመጣል፣ አንድ ማዳበሪያ ደሞ ጁስ ቤቱ ራሱ ጋ ይኖራል፣ ማታ ሲዘጉ ጄሪካኑን በላዩ ይሸፍኑታል። የጓሮ በሩ ቁልፍ አባባ ጋ ሆነ፣ ለዚህም ከወር ክፍያው ላይ ድርሻ ተቆረጠላቸው።

ቄጠማውንም ሰበሰብን፣ ካፌው ወለል ላይ የተጎዘጎዘውን። ግማሹ ደርቋል ግማሹ አረንጓዴ ነው፣ ለክምሩ ይስማማዋል፣ የሲጋራ ቁራጭና የጠርሙስ ክዳን መልቀም ግን ጊዜ ይበላል።

ጥር 13

ጥምቀት አለፈ። ጃንሜዳና ወደዛ የሚወስደው መንገድ ላይ የወደቀው ሃይላንድ ብዛቱ ያው እንደሚታወቀው ነው፣ ማህበሩ ከሌሎች ጋር ሆኖ ሲለቅም አድሯል። የኛ ስራ ስላልሆነ አላረዝመውም።

ጥር 26

አንድ ትልቅ ሆቴል የኪችኑን ተረፈ ምርት በሙሉ ልስጣችሁ ብሎ ጠራን። ደስ ብሎን ሄድን። ግን የሚሰጠው ስጋም አጥንትም ዘይትም የተቀላቀለበት ነው፣ ለመለየት ሰው አይመድብም፣ ለማህበሩም አይከፍልም፣ ፎቶ ላይ ግን አርማው እንዲኖር ይፈልጋል። ስጋና ዘይት እዚህ ግቢ ውስጥ ከገባ አይጥና ውሻ ነው የሚመጣው፣ ህፃናት ያሉበት ቦታ ነው። የማህበሩ ሰብሳቢ በመሀል "አትክልቱን ብቻ ለይታችሁ ስትከፍሉን እንመጣለን" ብለው ተነሱ፣ እኛም ተከትለናቸው ወጣን። ስራው ትንሽ ሆኖ ሁሉም የሚጠቀምበት ቢሆን ነው የምመርጠው።

የካቲት 3

የፌጦ ፈተና። ኮምፖስት መብሰሉ በአይን ብቻ አይታወቅም፣ ጠቁሮ አፈር አፈር ሸትቶም ውስጡ ገና ሊሆን ይችላል፣ ጥሬው ደሞ ተክል ያቃጥላል። ፌጦ ቶሎ የሚበቅልና ቶሎ የሚጎዳ ዘር ስለሆነ ለዚህ ይሆናል፣ የትኛውም ቤት ጓዳ ውስጥም አለ። አንድ ጣሳ ላይ ተራ አፈር፣ ሌላው ላይ የኛን ኮምፖስት አድርገን እኩል ዘር በተንን።

ውጤቱ፦ አፈሩ ላይ ያለው ጥቅጥቅ ብሎ ወጣ፣ ኮምፖስቱ ላይ ያለው ሳሳ፣ ጫፉም ቢጫ ነው። አልበሰለም ማለት ነው፣ አሞኒያው አላለቀም። ተማሪዎቹ ከፋቸው፣ እነሱ ነገ ቆስጣ ሊተክሉ ነበር። ቲቸሩ አንዴ ገልብጠን እንተወው አለ፣ ተውነው። እኔ በዚህ ደስ ብሎኛል፣ ማህበሩ ሲሶውን ወስዶ ለአበባ ሻጮች ሸጦ የሰው ችግኝ ቢደርቅ ከዛ በኋላ ማን ያምነናል?

የካቲት 19

ደገምነው፣ አሁን ፌጦው እኩል ወጣ፣ እንደውም ኮምፖስቱ ላይ ያለው ግንዱ ወፈር ይላል። የግንበኞች የአሸዋ ወንፊት ተውሰን ነፋነው። ከወንፊቱ ላይ የቀረው የአቮካዶ ፍሬ ስባሪ፣ የማንጎ ፍሬ፣ ያልበሰለ ፍቅፋቂ ነው፣ እሱ ተመልሶ ለሁለተኛው ክምር ማስጀመሪያ ይሆናል፣ እበት መለመን ቀረልን። የተነፋው ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ ዝናብ የነካው መሬት የሚሸት ነው።

ክፍፍሉ በባልዲ እየተቆጠረ ሁሉም ባለበት ተካሄደ። ማህበሩ ሲሶውን ወሰደ፣ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ሰው እዛው መጥቶ አይቶ ገዛቸው፣ እንዲህ ብቻውን ለችግኝ ይበረታል፣ ከቀይ አፈርና ከአሸዋ ጋር ደባልቄ ነው የማደርገው አለ። ትክክል ነው፣ እኛም ጓሮው ላይ ከአፈር ጋር ነው የቀላቀልነው። የትምህርት ቤቱ መደብ ላይ ቆስጣና ሰላጣ ገብቷል። ጁስ ቤቱ ምንም አልፈልግም ብሎ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ደጁ ላይ ላለችው አበባ አንድ ባልዲ ወሰደ። ጋሼ ባዶ ማዳበሪያዎቻቸውን ቆጥረው ተረከቡ።

የማህበሩ ሰብሳቢ ደብተራቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ከገንዳው የቀነሰባቸውንና ከደረቅ ካርቶኑ፣ ከወር ክፍያው፣ ከኮምፖስቱ ያገኙትን አብረን ደመርን። ከድሮው በልጧል፣ በብዙ አይደለም፣ ግን በልጧል። አንሶ ቢሆን ኖሮ ውሉን እንደገና ለመፃፍ ተዘጋጅቼ ነበር። "እሺ፣ ቀጥሉ" አሉኝ።

አሁን ዓብይ ፆም ከገባ ከሳምንት በላይ ሆኖታል፣ ጁስ ቤቱ እንደገና ሞልቷል፣ ከማዶ ያለው ሌላ ጁስ ቤትም የኛንም ውሰዱ ብሎ ጠይቋል። ልጣጭ በሽ ነው፣ ያጠረን ደረቁ ነው፣ የህዳር ቅጠልም እያለቀ ነው። አንድ እንጨት ቤት ብቻውን ለሁለት ጁስ ቤት አይበቃም። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባለው፣ በራስ መኮንን ድልድይ በኩልም ቢሆን፣ ፒያላ ያለው እንጨት ቤት የምታውቁ ካላችሁ ከፒያላው ስር ያለውን ብቻ፣ ከመጋዙ ጋር ሳይቀላቀል፣ በማዳበሪያ እንዲያስቀምጡልን ንገሩልን። ጋሪው ጠዋት ከአንድ ሰአት እስከ ሶስት ሰአት ነው የሚዞረው፣ ማዳበሪያው ይመለሳል።